ሦስተኛው ቀብር

የሰውየው ጫማ ንጹሕ ነበር።

ወልድያ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። መናኸሪያው ጭቃ ነው። ረዳቶቹም፣ ተሳፋሪውም፣ ቆሎ ሻጯም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ናቸው። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ስልኩን የሚነካካው ሰውዬ ግን ጫማው ያበራል። በመኪና መጥቶ በረንዳው ላይ ወርዷል ማለት ነው። የሚሄድበት ቦታ የለውም። የሚጠብቀው ሰው አለ።

ካሳሁን ይህን አየና ዓይኑን ወደ ሚኒባሶቹ መለሰ።

ካሳሁን የእውነት ስሙ አይደለም። በስውር የሚሠራለት መሥሪያ ቤት «ወንፊት» ብሎ ነው የሚያውቀው። መርሳ ላይ ደግሞ የዝናብ መለኪያ አንባቢ ነው፤ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሌሊት የዘነበውን ለክቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። «የዝናቡ ሰውዬ» ይሉታል። ይህን ሥራ ከያዘ አሥራ አራት ወሩ ነው።

ናርዶስ በግራው በኩል መጥታ ቆመች። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ጃንጥላዋን ዘግታ አግዳሚው ላይ አስደገፈችው። አላየችውም።

«ተከትለውሻል» አላት።

«ዐውቃለሁ።»

«ምን አመጣሽ?»

«የጠየቅኸኝን ዝርዝር፣ ከነደቂቃው። ጃንጥላው ውስጥ ነው። ሌላም አለ።»

«ቶሎ በይ።»

«‹ጎተራ› ትናንት ቪዲዮ አሠራኝ። ሰው ሲሸሽ የሚያሳይ። የጦርነቱ ጊዜ ነው። ድምፁን አውጪ፣ ቀኑን አጥፊ አለኝ፤ ለማኅደር ነው አለ። ለማኅደር ከሆነ ቀኑ ለምን ይጠፋል?»

ጎተራ የካሳሁን አለቃ ነው። የአሥራ አራት ወር ሪፖርት ሁሉ የገባው እሱ ዘንድ ነው።

«መቼ ይለቀቃል?»

«ዛሬ አራት ሰዓት። መርሳ ገበያው ሲሞላ። ‹ወርጌሳ ተይዛለች፣ ሽሹ› ይላል። አራት ተኩል ላይ ሽንኩርት የጫኑ ሦስት መኪናዎች ከወርጌሳ በኩል ይመጣሉ። ከሽንኩርቱ ሥር ያለው ሽንኩርት አይደለም። ወሬው የመርሳ ኬላ ላይ ሰው እንዳይኖር ነው። ታርጋቸውን ጎተራ ስልክ ላይ አየሁት።»

«ለበላዮች ንገሪ።»

«ልሞክር ነው የምሄደው። ለአራት ሰዓት ግን አይደርሱም። ኬላው ካልፈረሰ ለመኪናዎቹ ይደርሳሉ።»

ሄደች። ጃንጥላው ቀረ።

ንጹሑ ጫማ ተንቀሳቀሰ።

ወደ እሷ።

ካሳሁን ሊጠራት ይችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃል። አንድ ቃል ግን ሁለቱንም ይገልጣል፤ ከዚያ ወደ መርሳ የሚሄድ አይኖርም። ጃንጥላውን አንሥቶ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ወደ ኋላ አላየም።

*

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። ካሳሁን ከመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ወረቀቶቹን ደብተሩ መሐል ዘረጋ።

መሥሪያ ቤቱ መርሳ የላከው አንድ ነገር እንዲያጣራ ነበር። «የሀብሩ ጆሮ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል አለ። ስልሳ ሺህ ሰው ይከታተለዋል። ማን እንደሚጽፍበት የሚያውቅ የለም። ካሳሁን በመጀመሪያው ዓመት የቻናሉን እያንዳንዱን ወሬ በእግሩ ሄዶ አጣራ። ጎርፍ ድልድይ ወሰደ ሲል፣ ድልድዩ የለም። ሰው ሞተ ሲል፣ መቃብሩ ትኩስ ነው። ከአንድ ስሕተት በቀር ሐሰት አላገኘበትም። ያንንም ጻፈ፦ የሚታመን ምንጭ።

አሁን በግራ በኩል የናርዶስን ዝርዝር አደረገ። በቀኝ በኩል የራሱን ደብተር።

የጎርፉ ወሬ። የእሱ ሪፖርት አንድ ሰዓት ከአምስት፤ ቻናሉ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት።

የአውቶቡሱ አደጋ። የእሱ ስምንት ከሃያ፤ ቻናሉ ስምንት ከሃያ ዘጠኝ።

ወደ ታች ወረደ። ሁልጊዜ እሱ ይቀድማል። ልዩነቱ ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም።

በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ትጉ ሰው ከትጉ ሰው ጋር እኩል ሊደርስ ይችላል። ካሳሁን ያን ያህል ተጠራጠረ።

ከዚያ ሂሻም ላይ ደረሰ።

መርሳ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ በማለዳ ይጮኻል። የሚጠራው ግን የሞተውን ሰው አይደለም፤ የቤቱን አባወራ ነው። ካሳሁን አዲስ አባል በነበረ ጊዜ «ሂሻም ቤት» ሲባል ሰማ። ሂሻም ሞተ ብሎ ጻፈ። ቀብሩ ላይ ሲደርስ ሂሻም በሕይወቱ ቆሞ እናቱን ይሸኛል፤ ስልኩን አይተው ለመጡት እንግዶችም፣ «ዛሬ የእናቴን ቅበሩ፤ ለእኔ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ» ይላቸዋል። ካሳሁን በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ እርማት ላከ።

ቻናሉ ቀድሞ ጽፏል፦ ሂሻም ሞተ።

የመርሳ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም። ሕፃኑም አይሠራውም። ያኔ ካሳሁን ደስ ብሎት ነበር። «ጸሐፊው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው» ሲል ሪፖርት አደረገ፤ እንግዳ ሰው ፍለጋም ወራት ፈጀ።

እንግዳው እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ማስረጃ አይበቃውም። ስልኩን አውጥቶ ለጎተራ ጻፈ፦ «ሲሪንቃ መግቢያ ላይ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ተገልብጧል። መንገዱ ተዘግቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።» ሰዓቱን ያዘ። ሁለት ከአርባ አንድ።

ሁለት ከአርባ ሰባት ላይ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ስልክ ጮኸ። ረዳቱ ሲያሳፍራት ቡርቱካን እያለ ነበር የጠራት።

«ውይ፣ ሲሪንቃ መኪና ተገልብጧል» አለች። «መንገድ ተዘግቷል ይላል።»

«የቱ ጋ?» አለ ሾፌሩ።

«መግቢያው ላይ።»

«መግቢያውን አሁን አለፍነው እኮ።»

«እንግዲህ አንሥተውት ይሆናል።»

«በአንድ አፍታ? አይሱዙ ነው ድመት?»

«አንተ መሪህን ያዝ። ጆሮ ዋሽቶ አያውቅም።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ አላህ ያውጣቸው አሉ፤ ስለ አይሱዙው ሾፌር ቤተሰብ አዘኑ። ከመስኮቱ ውጭ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሽላ በየመደቡ ቆሟል። አስፋልቱ ታጥቦ ያበራል፤ ፍሬም፣ ዘይትም፣ የጎማ ምልክትም የለበትም።

መስኮቱን ያየ ሰው አልነበረም።

*

አባ ጀብሪል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የማይኩን ባትሪ ይቀይሩ ነበር። የቅሬው ጠሪ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከገበያው ዳር፣ ቅሬው ከሚሰበሰብበት ትልቅ ሾላ ፊት ለፊት ነው።

«እንደምን አደሩ አባ ጀብሪል?»

«አልሐምዱሊላህ። የዝናቡ ሰውዬ፣ ዛሬስ ስንት ዘነበ?»

«አልለካሁም።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሦስት ሰዓት አልፏል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ይህን መልስ ሰጥቷቸው አያውቅም።

«ግባ» አሉት።

ቤት ውስጥ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ነገራቸው። ስሙ ካሳሁን አለመሆኑን። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ሁሉ የሚለውን። የመኪናዎቹን ነገር። አባ ጀብሪል አላቋረጡትም።

«ሕዝቡ ለምን ያምነዋል?» አሉ ሲጨርስ።

«እስከ ዛሬ እውነት ስለተናገረ።»

«እውነቱን ማን ይሰጠው ነበር?»

«እኔ። ሳላውቅ።»

«ለአንተስ?»

«ሞቱን ከእርስዎ ጥሪ ነበር የምሰማው።»

ግድግዳው ላይ አንድ የሴት ፎጣ ተሰቅሏል። የባለቤታቸው የአሲያ ነው። በጦርነቱ ዓመት «መጡ» ተብሎ መርሳ ሲሸሽ አሲያ ታማ ነበር። ከሲሪንቃ ወዲያ መንገድ ዳር ዐረፈች። አባ ጀብሪል ተነሥተው ቅሬውን ጠሩ። ቅሬው በፊታቸው እየሸሸ ያልፋል፤ የቆመ አልነበረም። ከሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ጋር ቀበሯት። ያን ቀን መርሳ የመጣ ጦር እንዳልነበረ የሰሙት በኋላ ነው።

«ገበያው ላይ ቆመው ሐሰት ነው ቢሏቸውስ?» አለ ካሳሁን።

«መሸሽ የጀመረ ሰው አይሰማም። ያኔ እኔንም ተው ብለውኝ አልሰማሁም። ስልኩ ከመጮኹ በፊት የሰዉን እግር ማሰር ነው። መርሳ ላይ ሰው ቆሞ የሚሰማው ጥሪ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይጥሩ።»

«ማን ሞቶ?»

አባ ጀብሪል ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጠራሁ። ሞት ያልገባበት ቤት ጠርቼ አላውቅም። ሂሻምን እንኳ የገደላችሁት በስልክ ነው።»

«የኔን ቤት ይጥሩ።»

«አንተ ቤት የለህም።»

«ለዚህ ነው። የሚያለቅስም የለም።»

ስልኩ ጮኸ። ጎተራ ነበር።

«የት ነህ?»

«መርሳ።»

«ከገበያው ውጣ። ወደ ወልድያ ተመለስ።»

«ለምን?»

«ለራስህ ብዬ ነው። ጃንጥላ ገዛህ አሉ።»

ካሳሁን ስልኩን ዘጋ። ባትሪውን ነቀለ። ሲም ካርዱን ሰበረ።

ሦስት ከሃምሳ አንድ።

«የሚፈልጉኝ ሰዎች እየመጡ ነው» አለ። «ሞቷል መባሌ ከእነሱም ይሰውረኛል።»

አባ ጀብሪል ማይኩን አንሥተው ፎጣውን ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩን ከውጭ ቆለፉበት።

*

የመዝጊያው ስንጥቅ ጣት አያስገባም። ካሳሁን ዓይኑን አስጠጋ። ገበያው ሞልቷል። የሽንኩርት ክምር፣ ብርቱካን በሳጥን፣ ከዝናብ መለኪያው አጥር ሥር ቲማቲም የምትሸጠው አለሚቱ። በየጠዋቱ «ዛሬስ ትዘንብብኛለህ?» የምትለው እሷ ናት።

አራት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የአባ ጀብሪል ድምፅ ወጣ።

«የቅሬ ሰው፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ካሳሁን ቤት። ካሳሁን ቤት።»

ሚዛኖች ባሉበት ቆሙ።

«ማን? የዝናቡ ሰውዬ?»

«ማን አለው ከቤቱ? ብቻውን አይደል የሚኖረው?»

«እንግዲያው ራሱ ነዋ።»

ስልኮቹ ጮኹ። አንድ፣ አምስት፣ ከዚያ ሁሉም። ካሳሁን ፊቶች ሲለወጡ አየ። አንዲት ሴት ብርቱካኗን ጥላ ልጇን አነሣች። የባጃጅ ሞተር ተነሣ። «ወርጌሳ» አለ አንድ ሰው። «ተይዛለች። ቪዲዮ አለው።»

ገበያው ከወርጌሳ በተቃራኒ፣ ወደ ሰሜን አዘነበለ።

ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሕዝቡ አየ።

«ካሳሁን ቤት» አሉ አባ ጀብሪል። ድምፃቸው አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «ሬሳ አለብን። ሬሳ ጥላችሁ የት ትሄዳላችሁ?»

አለሚቱ ቲማቲሟን በሸራ ሸፈነችና ወደ ሾላው ሄደች። ብቻዋን። ሌላ ሴት ተከተለቻት። ከዚያ ሂሻም ሞተሩን አቆመ። ቅሬው አንድ በአንድ እንደ ለመደው ወደ ሾላው መጣ፤ ከገጠር የመጣውም ገበያተኛ፣ የአገሩ ሰው ካልሸሸ ብሎ ቆመ። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጠፋ።

ጠባቂው ጠመንጃውን አወረደ።

«ሂሻም» አሉ አባ ጀብሪል፣ «ወርጌሳ ሂድ። በስልክ አትጠይቅ። በዓይንህ አይተህ ና። እሱ እስኪመለስ ከዚህ የሚነሣ የለም።»

ሂሻም ሄደ። ሌላው ተቀመጠ።

ካሳሁን የራሱን ለቅሶ ሰማ። ከመዝጊያው ሁለት ክንድ ላይ ነው።

«ትናንት ጨው አበደርኩት።»

«ምስኪን ነው። ሲስቅ እንኳ ጥርሱን አያሳይም።»

«ዝናብ ሲቆጥር ራሱ አለቀ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ገሠጹት። አለሚቱ ግን ታለቅስ ነበር። ድምፅ አውጥታ፣ የቤተሰብ ለቅሶ። ምኑ ነሽ ያላት አልነበረም። የሚያለቅስ የለም ብሎ ነበር። ብዙ ነገር ለክቷል፤ ይህን ግን አልለካውም።

አራት ከሠላሳ ስምንት ላይ ሦስት አይሱዙ መኪናዎች ኬላው ፊት ቆሙ። ገመዱ አልተነሣም። የመጀመሪያው ሾፌር ጡሩምባ ነፋ፤ ጠባቂው ወረቀት ጠየቀ። ከኋላቸው ሁለት የመንግሥት መኪናዎች መጥተው መንገዱን ዘጉ።

ናርዶስ ደርሳለች። ወይም መልእክቷ።

ሂሻም አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመለሰ። ከሞተሩ ሳይወርድ ተናገረ። «ወርጌሳ ሰው በርበሬ ያስመዝናል። ጦር የት አለ ብል ሳቁብኝ።»

ከዚያ የአለሚቱ ድምፅ፦ «እሺ፣ ሬሳውስ? መቼ ነው የምናወጣው?»

ከካሳሁን ጋር ተስማምተው ነበር። አባ ጀብሪል የሚሉት፣ በስሕተት ነው፣ ሰው ተሳስቶ ነገረኝ፣ ነው። ቀላል ነበር።

«ሬሳ የለም» አሉ አባ ጀብሪል። «ካሳሁን አልሞተም። የተሳሳተ ሰውም የለም። ዐውቄ ዋሸኋችሁ። እንዳትሸሹ ብዬ።»

አንድ ሽማግሌ መጥቶ እጃቸውን ሳመ። አንድ ሌላ ሰው ወደ ምድር እያየ ሄደ። ብዙዎቹ ግን ቆመው ብቻ አዩዋቸው፤ የሚያውቁትን ፊት ዳግመኛ እንደሚመረምር ሰው።

*

በሩ ሲከፈት የአባ ጀብሪል እጅ ባዶ ነበር።

«ማይኩስ?»

«ለእኅቴ ልጅ ለጁነይድ ሰጠሁት።»

«ለምን? ስንት ሰው አድነው።»

«አድኛለሁ። አልጸጸትም።» ተቀመጡ። «ነገ ሰው ሲሞት ብጠራ፣ ‹እውነት ይሆን?› የሚል አንድ ሰው ይኖራል። አንድ ካለ እኔ ጠሪ አይደለሁም። አንተ ያን ቻናል እንዴት እንደ ሠሩት ነገርኸኝ። ዓመት ሙሉ እውነት አጠራቅመው ለአንድ ቀን ውሸት አወጡት። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩትን ዛሬ አወጣሁ።»

«የእርስዎ ለሰው ነው።»

«ለሰው ነው። ወጥቷል ግን።»

በጓሮ በኩል፣ በብርቱካኖቹ መሐል መውጫ አለ። ካሳሁን ሊወጣ ሲል ጠሩት።

«ስምህ መዝገቡ ላይ ይቆያል። ደንቡን ታውቃለህ።»

«ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል።»

«ሦስት ቀብር ድረስ የኛ ሰው ነህ» አሉት።

*

ከዐሥራ አንድ ወር በኋላ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጢሙን ያሳደገ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ሌላ ስም አለው። ሌላ ሥራም። ጎተራ ታስሯል አሉት። ናርዶስ ደኅና ናት፣ ሌላ ከተማ ተዛውራለች አሉት። ሁለቱንም ማጣራት አልተፈቀደለትም።

ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ለጎረቤቷ ታወራለች። በድምፅዋ ዐወቃት። ቡርቱካን ናት፤ የአይሱዙዋ። እሷ አላወቀችውም።

«መርሳ ቀብር ውዬ ነው። የአሲያ ባል፣ አባ ጀብሪል። የሥጋ ዘመዴ ናት እሷ።»

«ያ ጠሪው? ነፍስ ይማር። ሰው ሞልቶ ነበር?»

«ኋላ ሞላ። መጀመሪያ ግን…» ቡርቱካን ነጠላዋን አስተካከለች። «ጁነይድ በማለዳ ጠራ። ሰው በየደጁ ወጥቶ ቆመ። ‹አባ ጀብሪል የእውነት ነው?› ይባባላል። ስልኩን ያያል። አንዱ አንዱን አይተህ ና ይላል። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሬሳው ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የቆሙት አራት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ቲማቲም ሻጭ ናት፤ ጥሪውን እንደ ሰማች ነው የመጣችው አሉ፤ ማንንም ሳትጠይቅ።»

ሰውየው በመስኮቱ አየ። ሰማዩ በስተምሥራቅ ጠቁሯል።

«ከቀብር በኋላ መዝገብ ተነበበ» አለች ቡርቱካን። «የቀረውን ለማወቅ። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። ካሳሁን፣ ካሳሁን፣ ካሳሁን። መልስ የለም። ሦስተኛ መቅረቱ ነው አሉና ሰረዙት።»

«አለሁ» አለ ሰውየው።

ቡርቱካን ዞረች። «ምን አልክ?»

«ወራጅ አለ» አላት።

ሾፌሩ ከመንገዱ ወጣ አድርጎ አቆመ። ሰፈርም፣ ሱቅም፣ ዛፍም የሌለበት ቦታ ነበር። ሰውየው ወረደ። ሚኒባሱ ሄደ፣ ዝናቡም ጀመረ።